የማን ደም ነው "ኖርማል"? የሊምፎሳይት ታሪክ ከማንኩሽ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

የደም ምርመራ ውጤት የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ቀስት ነው። ቀስቷ ወደ ታች ካመለከተች ልብም አብራ ትወርዳለች። ከጎኗ የተጻፈውን፣ "ከዚህ እስከዚህ ኖርማል ነው" የሚለውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ከማን ደም ተለክቶ መጣ? ማን ወሰነው? እኔ ዕድሜዬን በላብራቶሪ የጨረስኩ ሰው ነኝና ጥያቄው የኔም ነው። መልሱ ታሪክ አለው። ታሪኩን በአንዲት ትንሽ ሴል በኩል ልንገራችሁ፤ ሊምፎሳይት ትባላለች።

እዚህ ማንኩሽ፣ ጉባ ወረዳ፣ ከምርመራ ሁሉ የሚበዛው የወባ ምርመራ ነው። መተከልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆላ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይገባል። ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም እንወስድና ስላይድ ላይ እንቀባለን፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ነክረን በማይክሮስኮፕ እናያለን። የምንፈልገው የወባውን ተውሳክ ነው። ግን ስሱ ቅብ ላይ ሌላም ነገር ይታያል፤ በቀያዮቹ ሴሎች መሀል አልፎ አልፎ ሐምራዊ ክብ ነገር ብቅ ይላል።

ሊምፎሳይት እንዲህ ትታወቃለች። ትንሿ ዓይነት ከቀይ የደም ሴል ትንሽ ብቻ ትበልጣለች። መሀሏ፣ ኒውክለስ የምንለው፣ ክብና ጠቆር ያለ ሐምራዊ ነው፤ ሴሏን ሞልቶት ዳር ዳሩን ስስ ሰማያዊ ክር ብቻ ይተርፋል። ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ "ምጣዱን የሞላ እንጀራ" እላት ነበር፤ ከእንጀራው ውጪ የሚታየው የምጣዱ ጠርዝ ብቻ ነው። ጎረቤቷ ኒውትሮፊል ኒውክለሱ ሦስት አራት ቦታ የተከፋፈለ ስለሆነ አይምታታም። በአዋቂ ሰው ደም ከመቶ ነጭ ሴሎች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ሊምፎሳይት ናቸው፤ በሕፃናት ደግሞ ከዚያም ይበዛሉ።

ይቺን ሴል ለማየትና ለመለየት ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ዊሊያም ሂውሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ላይ የሊምፍ እጢዎችንና ደረት ውስጥ ያለውን ታይመስ የሚባል አካል ሲመረምር፣ በፈሳሹ ውስጥ ቀለም የሌላቸው ትናንሽ ክቦች አየ። ከታይመስና ከእጢዎቹ ወጥተው ወደ ደም እንደሚገቡም ጻፈ። የሚገርመው አሟሟቱ ነው። በ1774 አስከሬን ሲመረምር እጁን ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ በ34 ዓመቱ ሞተ። ያያቸው ክቦች ከእንዲህ ያለ ነገር ሰውን ለመጠበቅ የተፈጠሩ መሆናቸውን በዘመኑ የሚያውቅ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ቀለም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ፋብሪካዎች ለጨርቅ ማቅለሚያ አዳዲስ ቀለሞችን በብዛት ሲሠሩ፣ ጳውል ኤርሊኽ የሚባል ወጣት ሐኪም እነዚህን ቀለሞች ደም ላይ ሞከራቸው። ከ1879 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ነጭ ሴሎችን በቀለም አቀባበላቸው ከፋፈላቸው። ከዚያ በ1904 ጉስታቭ ጊምሳ ሀምቡርግ ላይ ለወባ ተውሳክ የሚሆነውን ቀለም አሻሻለ። ዛሬ ማንኩሽ ላይ የምንነክርበት ቀለም ስሙ ከእሱ ነው የመጣው።

መልኳ እንግዲህ ታወቀ። ሥራዋስ? እዚህ ላይ ነገሩ ተጣበቀ። ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ጀርም ሲውጡ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ፤ ሊምፎሳይት ግን ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ምን እንደምትሠራ አያውቁም ነበር። ቁስል ዙሪያ ተሰብስባ ትገኛለች፣ ሥራ ስትሠራ ግን ማንም አላያትም። እንደ ሠርግ ተመልካች ቆጠሯት በሉት።

መልሱ ከሦስት አቅጣጫ መጣ።

አንደኛው ከእንግሊዝ ነው። ኦክስፎርድ ላይ ጄምስ ጋወንስ የሊምፍ ፈሳሽን ወደ ደም የሚያደርሰውን ዋና ቱቦ በአይጦች ላይ ከፍቶ፣ ፈሳሹን ለቀናት ወደ ውጭ አንጠባጠበው። ሊምፎሳይት ተመናመነ። ሴሎቹን መልሶ ሲሰጣቸው ፍሰቱ ተመለሰ። በዚህም ሊምፎሳይት ከደም ወደ እጢ፣ ከእጢ ወደ ሊምፍ፣ ከሊምፍ መልሳ ወደ ደም እየዞረች እንደምትኖር ታወቀ። ተመልካች የተባለችው ለካ ዘብ ነበረች! ሊምፎሳይታቸው የተመናመነባቸው አይጦችም ለአዲስ ባዕድ ነገር የመከላከል ምላሽ መስጠት አቃታቸው።

ሁለተኛው ከዶሮ ነው፤ ይሄን ተማሪዎቼ ሁሌ ትወዱት ነበር። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ብሩስ ግሊክ የሚባል ተማሪ ዶሮ ከኋላዋ ያላትን ቡርሳ የሚባል ትንሽ ከረጢት ያጠና ነበር። ከጫጩቶች ላይ ቆርጦ ያወጣል፣ ምን እንደሚጎድላቸው ያያል፣ ምንም አያገኝም። ጓደኛው ቲሞቲ ቻንግ ደግሞ ተማሪዎችን "ፀረ እንግዳ አካል እንዲህ ይመረታል" ብሎ በተግባር ሊያሳይ ዶሮ ሲፈልግ፣ ከግሊክ ዶሮዎች ወሰደ። መርፌውን ወጋቸው፣ ደማቸውን መረመረ። ቡርሳቸው የወጣባቸው ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል አላመረቱም። ትምህርቱ ከሸፈ፣ ግኝቱ ግን ተወለደ። ጽሑፋቸውን ትልቁ የሳይንስ መጽሔት አልቀበልም ስላላቸው በ1956 በዶሮ እርባታ መጽሔት ላይ ወጣ። ዛሬ "ቢ ሴል" ስንል "ቢ" ከዚያች ከዶሮ ቡርሳ የመጣች ፊደል ናት። እኛ ቡርሳ የለንም፤ የእኛ ቢ ሴሎች የሚበቅሉት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ለንደን ነው። በ1961 ዣክ ሚለር አዲስ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎችን ታይመስ ቢያወጣ፣ ሊምፎሳይታቸው አነሰ፣ በቀላል ኢንፌክሽን እየታመሙ ሞቱ፣ የሌላ አይጥ ቆዳ ሲለጠፍባቸውም እንደራሳቸው ተቀበሉት። "ቲ ሴል" የሚለው ስም ከዚህ ከታይመስ ነው።

እንግዲህ ሥራው ሲጠቃለል፦ ቢ ሴል ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው ነው። ቲ ሴል ሁለት ዋና ወገን አለው፤ አንዱ ሌሎቹን የሚያዝና የሚያስተባብር (ሲዲ4 የምንለው)፣ ሌላው በቫይረስ የተያዘን ሴል የሚገድል (ሲዲ8)። በተጨማሪ "ተፈጥሯዊ ገዳይ" የሚባሉም አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አንዴ ያዩትን ጠላት ለዓመታት ያስታውሳሉ፤ ኩፍኝ ወጥቶለት የዳነ ልጅ ዳግም የማይወጣለት ለዚህ ነው። ክትባትም የሚሠራው በዚሁ ትዝታ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ሰዉ በራሱ መንገድ ያውቀዋል። እዚህ አገር እግሩን እሾህ ወግቶት የቆየ ልጅ ብሽሽቱ ላይ ያብጥበታል፤ እናቶቻችን ንፍፊት ይሉታል። ቁስሉ እግር ላይ፣ እብጠቱ ብሽሽት ላይ! ያ እብጠት ሊምፎሳይቶች ከእግሩ የመጣውን ጀርም የሚያገኙበትና እየተባዙ የሚዘምቱበት ጣቢያ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቲ ይሁን ቢ፣ ሲዲ4 ይሁን ሲዲ8፣ በጊምሳ የተቀለመ ስላይድ ላይ አይለዩም። ሁሉም ያው ምጣድ የሞላ እንጀራ ናቸው። ለመለየት ከ1975 በኋላ የመጣው፣ አንድን ምልክት ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካልን በላብራቶሪ የማምረት ዘዴ አስፈለገ። ከዚያ በጨረር የሚቆጥር ውድ ማሽን። ይሄ ልዩነት በኋላ ሕይወትና ሞት ሆነ።

በ1981 አሜሪካ ውስጥ ስለ አምስት ወጣቶች ያልተለመደ የሳንባ ምች ሪፖርት ወጣ፤ ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ነው። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው በሲዲ4 በር በኩል እንደሆነ በ1984 ታወቀ። አስተባባሪው ሲሞት ሠራዊቱ ተበተነ ማለት ነው። በእኛ አገር የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። ቀጥሎ ያለውን ዘመን የኔ ዕድሜ ሰው አይረሳውም፤ በየሰፈሩ ድንኳን ነበር።

መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ግን ለሁሉም አይደለም፤ መለኪያው ቁጥር ነበር። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ሲዲ4 ከ200 በታች ከሆነ ትጀምራለህ። ማሽን በሌለበት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ መላ ሰጥቶ ነበር፦ አጠቃላይ ሊምፎሳይት ከ1,200 በታች ከሆነና የሕመም ምልክት ካለ ይጀመርለት። ይህን ደግሞ ማይክሮስኮፕ ብቻ ያለው የገጠር ላብራቶሪ መሥራት ይችላል። ነጭ ሴሎችን በመቁጠሪያው መስታወት ትቆጥራለህ፤ 4,000 በል። ከዚያ ስላይድ ላይ መቶ ነጭ ሴል ለይተህ ትቆጥራለህ፤ 28ቱ ሊምፎሳይት ሆኑ በል። 4,000 ሲባዛ በ28 በመቶ 1,120። ከ1,200 በታች ነው፤ መድኃኒት ያገኛል። ሠላሳ አንዱ ቢሆኑስ? 1,240። አያገኝም፤ ሌላ ምልክት ይጠበቃል። ሦስት ሴል ናት ልዩነቷ። ያን ጊዜ "መቶ ሳትሞሉ አትነሱ፣ በግምት አትጻፉ" እያልኩ ያስመረርኳችሁ ልጆች፣ ምክንያቱ ይሄ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። እነዚህ ቁጥሮች ሲወጡ የተለካው የማን ደም ነበር? በአብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ሰው ደም ነው። የእኛስ?

የእኛን የቆጠሩልን አሉ። በ1994 የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ ሥራው አዲስ አበባ፣ ያኔ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት በተባለው፣ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በምንለው ግቢ ነበር። አቃቂና ወንጂ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተሉ። በ1999 ዶ/ር አስቴር ፀጋዬ፣ ዶ/ር ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን አሳተሙ። ቫይረሱ የሌለባቸው 485 ጤነኛ ሠራተኞች ደም ተመረመረ፤ ከእነሱ በዕጣ የተመረጡ 142 ሰዎች ሴሎቻቸው በዓይነት በዓይነቱ ተቆጠሩ፤ ከ1,356 ሆላንዳውያን ደም ለጋሾች ጋር ተነጻጸሩ።

ቁጥሮቹን ያዙልኝ። የነጭ ሴል አማካይ 6,100። ሊምፎሳይት 1,857። ሲዲ4 775፣ ሲዲ8 747፣ ቢ ሴል 191። የጤነኛው ኢትዮጵያዊ ሲዲ4 ከሆላንዳዊው በደንብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሲዲ8 ደግሞ በተቃራኒው በለጠ። ነጭ ሴሉና ፕሌትሌቱም ሀገራችን ትሠራበት ከነበረው ማጣቀሻ ዝቅ ያለ ነበር። ማለትም የወረቀታችን "ኖርማል" የእኛ አልነበረም።

ለምን አነሰ? በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናታቸው ሴሎቹን ጠጋ ብሎ አያቸው። የኢትዮጵያውያኑ ቲ ሴሎች ውስጥ ገና ጠላት ያላዩት ጥሬዎቹ ጥቂት፣ የተቀሰቀሱትና በሥራ ላይ ያሉት ብዙ ሆነው ተገኙ። ሰውነታችን ብዙ ጦርነት ያየ ሰውነት ነው። እስራኤል ውስጥም ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ አዲስ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን መርምረው ተመሳሳይ ነገር አዩ፤ የሆድ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲዲ4 ዝቅ ያለ፣ የተቀሰቀሱ ሴሎቻቸው የበዙ ነበሩ። ከትሉ ከታከሙና እዚያ ከቆዩ በኋላ ግን ነገሩ እየተስተካከለ ሄደ። ስለዚህ ጉዳዩ የዘር ብቻ አይደለም፤ የምንጠጣው ውሃ፣ የምንረግጠው አፈርም አለበት።

ታዲያ ያነሰ ማለት የደከመ ማለት ነው? የሚያስፈራው ጥያቄ ይሄ ነበር። ከዝቅታ የሚጀምር ሰው ቫይረሱ ሲይዘው ቶሎ 200 አይደርስም ወይ? ያሬድ መኮንንና ባልደረቦቹ በ2005 መልሱን አወጡ። የፋብሪካ ሠራተኞቹን ከመያዛቸው በፊት ጀምሮ ስለተከታተሏቸው የቀድሞ ቁጥራቸው በእጃቸው ነበር። ውጤቱ፦ ከመያዛቸው በፊት ሲዲ4ቸው ዝቅ ያለ መሆኑ የበሽታውን ግስጋሴ አላፋጠነውም። ጥቂት ነበሩ፣ ግን ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ይህን በመገመት ማወቅ አይቻልም፤ ያወቅነው እነዚያ የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ለዓመታት እየተመላለሱ ክንዳቸውን ስለሰጡን ነው። ስማቸው ጽሑፉ ላይ የለም። እኔ ግን ስለ ኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ ሳስተምር ከሐኪሞቹ እኩል እነሱን ነው የማነሳው።

የመድኃኒቱ ሕግም ተቀየረ። የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገ፤ በ2015 ደግሞ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ቁጥር ሳይጠበቅ ይጀምር አለ። የሲዲ4 ቁጥር ዛሬም ሕመሙ ምን ያህል እንደገፋ ለማወቅ ይጠቅማል፤ ደጅ ላይ ቆሞ "ግባ፣ አትግባ" ማለቱ ግን ቀረ። ተመስገን።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ አለፈ፣ ለምን ታነሳዋለህ?" የሚለኝ ይኖራል። አላለፈማ! ወደ ማንኩሽ ስላይድ ልመልሳችሁ። የወባውን ብዛት ስናሰላ ወፍራሙ ቅብ ላይ 200 ነጭ ሴል እስክንቆጥር ስንት ተውሳክ እንዳየን እንመዘግባለን፤ ከዚያ "የሰው ነጭ ሴል 8,000 ነው" ብለን እናባዛለን። 50 ተውሳክ ካየን 2,000 ይመጣል። የሰውየው ነጭ ሴል እንደ አቃቂዎቹ አማካይ 6,100 ቢሆንስ? 1,525 ነው። በሩብ ያህል ቀነሰ። ለዛሬው በሽተኛ ሕክምናው ያው ሊሆን ይችላል፤ አገር ከአገር ሲነጻጸር፣ መድኃኒት ሠራ አልሠራም ሲባል ግን ሩብ ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። ወባ ራሱ ሊምፎሳይትን ከደም ውስጥ ያሳንሳል። ትኩሳቱ ላይ ያለ ሰው ሊምፎሳይቱ ወርዶ ይገኛል፤ ሲታከም ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ በወባ ትኩሳት የመጣን የጉባ ገበሬ ውጤት ይዞ "ሊምፎሳይትህ አልቋል" ብሎ ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም። ድኖ ሲመጣ ደግሞ ማየት ነው። ማንኩሽ ደግሞ አቃቂ አይደለችም። አቃቂ ደጋ ቀመስ ናት፣ ማንኩሽ በረሃ ናት፤ የዓባይ ግድብ የተሠራበት ጉባ ከየክልሉ የመጣ ሠራተኛ የኖረበት ቦታ ነው። የደጋው ልጅና እዚሁ ተወልዶ ወባን በልጅነቱ ደጋግሞ ያሳለፈው የጉምዝ ልጅ አንድ ዓይነት ደም ይዘው ላብራቶሪ አይመጡም። አንድ ወረቀት ላይ ያለ አንድ "ኖርማል" ሁለቱን እኩል አያገለግልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። በየላብራቶሪው ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ማሽኑ ቀስት ባወጣ ቁጥር ስላይዱን አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ማሽን ይቆጥራል እንጂ ሁሉን አያይም። የጤነኛ ሰው ውጤት ስታገኙም አትጣሉት፤ ስሙን ሳይሆን ዕድሜውን፣ ጾታውንና ቀበሌውን ጽፋችሁ በደንቡ መዝግቡ። የአቃቂው ሥራ የተጀመረው ከእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው። ሐኪም የሆናችሁ ደግሞ፣ ለበሽተኛው ቁጥሩን ስትነግሩት ምን ማለት እንደሆነም ንገሩት፤ ቀስቷን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ አይሂድ።

የቀራችሁት ወዳጆቼ፣ የምርመራ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ከሁሉ የተሻለው ማጣቀሻ ጤነኛ በነበራችሁበት ጊዜ የተለካው የራሳችሁ ቁጥር ነው። አምና 1,500 የነበረ ሊምፎሳይት ዘንድሮም 1,500 ከሆነ፣ መጽሐፉ ምንም ይበል፣ ያ ምናልባት የእናንተ ልክ ነው። በአጭር ጊዜ በግማሽ ከወረደ ግን፣ "ኖርማል" ውስጥ ቢሆንም እንኳ ሐኪም ይየው።

አቃቂ ወይም ወንጂ በዚያ ጥናት ውስጥ የነበረ አባት፣ እናት ወይም ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ፣ ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ቁጥራቸው ዛሬም እያገለገለን ነው።